የእትየ ጥሩወርቅ ግማሽ

ሰኞ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ዓባይ ማዶ

ከቤት የወጣሁት ሦስት ነገር ይዤ ነው፤ አርባ ቅጂ ሪፖርት፣ ቁመቴን የሚያህል ባነር ላይ የታተመ ግራፍ፣ እና ከልኩ ያለፈ ኩራት። ሁለቱን ሾፌራችን ጋሽ ኑርሁሴን ከመኪናው ኋላ ጫኑልኝ። ሦስተኛውን እኔው ይዤ ከፊት ወንበር ተቀመጥኩ።

ጉዞው ወደ ይፋግ ነው። ባሕር ዳር በማስተምርበት ኮሌጅ ዓመት ሙሉ የሠራነው ጥናት አለ፤ ከጣና ምሥራቅ ባሉት የሩዝ ማሳዎች ማን ምን ያህል ያመርታል የሚል። የመጠይቁን ቅጽ ያዘጋጀሁት እኔ፣ የደመርኩትና ያካፈልኩት እኔ፣ ሪፖርቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። በስሜ የሚወጣ የመጀመሪያ ጥናቴ ነው። ሐሙስ ባሕር ዳር ላይ ለግብርና ሰዎች አቀርበዋለሁ። ከዚያ በፊት ግን መልስ ለሰጡን ገበሬዎች ላሳያቸው ብዬ ተነሳሁ። ለሰው ካለኝ አክብሮት ነው ብል ደስ ባለኝ። እውነቱ ግን አፌን ማሟሸት ፈልጌ ነው፤ ለመጨረሻው ስላይድም ገበሬዎች ግራፌን ከበው ሲያዩ የሚያሳይ ፎቶ አምሮኛል።

ባለቤቴ ተስፋዬ ባነሩን እስከ በር ሲሸከምልኝ ገለጥ አድርጎ አየው። ሰማያዊው ዓምድ የአባወራዎች ማሳ ነው፤ ቢጫው የእማወራዎች፣ ማለትም ባል የሞተባቸው ወይም የፈቱ ሴቶች በስማቸው የያዙት መሬት። ሰማያዊው ረጅም ነው፤ ቢጫው የሰማያዊው ወገብ ላይ ይቀራል። "ቢጫዎቹ ለምን አነሱ?" አለኝ። "በሬ የላቸው፣ ጉልበት የላቸው" አልኩት፤ ቸኩዬ ነበር። እሱ የፋብሪካ ሰው ነው፤ አንድ ማሽን ሥራው ሲጎድል ፈትቶ ካላየ አያምንም። ራሱን ነቅንቆ የመኪናውን በር ዘጋልኝ።

ሰፈራችን ዓባይ ማዶ በዚያ ሰዓት የባጃጅ ነው። ተማሪ የጫነ፣ ጎመን የጫነ፣ አንዱ እንዲያውም የብረት በር በቁሙ የጫነ። እኛ ግን አልቸኮልንም። በዚህ ዘመን መንገዱ እንዴት ነው ብሎ ሦስት ቦታ ሳይደውል ከከተማ የሚወጣ የለም። ጋሽ ኑርሁሴን ወረታ ላለችው እህታቸው ደወሉ፣ ለአንድ የሚኒባስ ሾፌርም ደወሉ፤ እኔ ደግሞ ይፋግ ላለው የልማት ሠራተኛ ለደሳለኝ ደወልኩ። ሦስቱም ሰላም ነው አሉን፤ ወጣን።

ሦስት ሰዓት ከሩብ፣ ሐሙሲት

ሻይና ቦምቦሊኖ ለማለት ቆምን። ዋጋውን አልጽፍም፤ እስክታነቡት ድረስ መጨመሩ አይቀርም። ቦምቦሊኖው ግን ትኩስ ነበር፤ ጋሽ ኑርሁሴን ሦስት በልተው አንዱን ለመንገድ በወረቀት አስጠቀለሉ።

ከሐሙሲት ወዲያ ሜዳው እየተከፈተ ይሄዳል። ጥር ነው፤ ሩዙ ታጭዶ ተወቅቶ ገብቷል፤ ማሳው ላይ የቀረው ገለባና ከብት ነው። ውኃ ያገኘ ሁሉ ሽንኩርት ተክሏል። ጉማራ ድልድይ ላይ ስንደርስ ከወንዙ ዳር የውኃ ፓምፖች ይንጫጫሉ፤ መንገዱ ዳር ሽንኩርት በቀይ ከረጢት ተደርድሮ ገዢ ይጠብቃል። አሰላ ተወልጄ ስላደግኩ ዓይኔ ኮረብታ የለመደ ነው። እንዲህ ያለ ሜዳ ሳይ የሆነ ሰው በእጁ መዳፍ የደለደለው ይመስለኛል። መኪናው ውስጥ ሆኜ ንግግሬን በልቤ እደግም ጀመር፤ "የተከበራችሁ ተሳታፊዎች፣ ከግራፉ መመልከት እንደሚቻለው…"

አምስት ሰዓት፣ ወረታ

ወረታ የሩዝ ከተማ ናት። ከየመፈልፈያው ጀርባ የሩዝ ገለፈት ተራራ ተከምሯል፤ ነፋስ ሲነሳ መንገደኛው ሁሉ ዓይኑን ይጨፍናል። የጋሽ ኑርሁሴን እህት ወይዘሮ ዘይነባ ከባለቤታቸው ጋር መፈልፈያና የእህል መደብር አላቸው። ምሳ ሳንበላ ማለፍ የማይታሰብ ነበር። ሩዝ በሥጋ ቀረበ፤ ለእኔ ደግሞ ጤፍና ሩዝ ተደባልቆ የተጋገረ ነጭ እንጀራ በቀይ ወጥ። በልቼ ስጨርስ ገና ጀመርሽ እንዴ ተባልኩ።

ከምሳ በኋላ ሥራዬን ጠየቁኝ። ሪፖርቱን አውጥቼ ግራፉ ያለበትን ገጽ ከፍቼ ሰጠኋቸው። ወይዘሮ ዘይነባ መነጽራቸውን አድርገው ረጋ ብለው አዩት። እሳቸው ሩዝ ሲገዙና ሲሸጡ ሠላሳ ዓመት የሆናቸው ሰው ናቸው።

"ሚዛኑ የት ላይ ነው የቆመው?" አሉ።

"ምን ማለትዎ ነው?"

"ሩዙ የት ሳለ ነው የተመዘነው? ማሳ ላይ? አውድማ ላይ? ቤት ከገባ ወዲያ?"

አልተመዘነም፣ ገበሬው ቤቱ ስንት ጆንያ እንደገባ ተጠይቆ ነው አልኳቸው። ሰው አውድማ ላይ የነበረውን ይረሳል፣ ጎታው ውስጥ የከተተውን ግን አይረሳም፤ እኔ ራሴ ነኝ ጥያቄውን እንዲህ ያደረግኩት። ይህንንም በኩራት ነገርኳቸው። እሳቸው "እህ" ብለው ሪፖርቱን መለሱልኝ። ነጋዴ ሁሉን ነገር በሚዛን ያየዋል ብዬ ትንሽ ቅር ብሎኝ ወጣሁ።

ዘጠኝ ሰዓት፣ ይፋግ

ርብን ተሻግረን ይፋግ ስንገባ ደሳለኝ ሞተር ብስክሌቱን አቁሞ መንገድ ላይ ጠበቀን። ልማት ሠራተኛ ሆኖ አሥራ አምስት ዓመት የኖረ፣ ሦስት ልጆች ያሉት፣ እያንዳንዱን ማሳ እንደ ልጆቹ በስም የሚያውቅ ሰው ነው። ለነገው ስብሰባ የመረጠልን ቀን መድኃኔ ዓለም ነው። በዓል ስለሆነ ማንም ሥራ አይዝም፤ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሁሉም ይመጣል።

የምናድርበትን ቤት ካሳየን በኋላ አንድ ነገር ነገረኝ። ውኃ የሚተኛበትን መሬት የሚችል አዲስ የሩዝ ምርጥ ዘር መጥቷል፤ ግን ለሁሉም አይበቃም። ማን ይውሰድ የሚለውን ዝርዝር የሚያወጣው ኮሚቴ የኔን ሪፖርት ይጠብቃል። ሐሙስ አዳራሹ ውስጥ ከሚቀመጡት ውስጥ የኮሚቴው ሰብሳቢ አለበት።

"ምክረ ሐሳብሽን አንብቤዋለሁ" አለኝ ደሳለኝ፣ "ዘሩ በቅድሚያ ምርታማ ለሆኑ ማሳዎች ይሰጥ ይላል።"

"አዎ፣ ምን ችግር አለው?"

"ችግርማ የለውም። ሴቶቹ ይወጣሉ ማለት ነው። በጊዜያዊው ዝርዝር ገብተው ነበር።"

ማዘኔን አስታውሳለሁ። ግን ቁጥር ቁጥር ነው አልኩ በሆዴ፤ ይህን ዓረፍተ ነገር አሁን ስጽፈው ያሳፍረኛል።

ማክሰኞ፣ አራት ሰዓት፣ መድኃኔ ዓለም

ስብሰባው በገበሬዎች ማሠልጠኛው አዳራሽ ነው። ደሳለኝ ባነሩን በአራት ሚስማር ግድግዳው ላይ ሰቀለው። አዳራሹ ገና ባዶ ሳለ አንዲት እናት ከቤተ ክርስቲያን ቀጥታ መጡ። ስልሳ ያለፋቸው፣ ቀጭን፣ ነጠላቸውን መስቀለኛ ያጣፉ። ጥሩወርቅ እባላለሁ አሉኝ፤ ደሳለኝም ሰፈሩም እትየ ጥሩወርቅ ነው የሚላቸው። ግራፉ ፊት ቆመው አንገታቸውን ቀና አድርገው አዩት።

"የኔዋ መሬት የትኛዋ ናት?"

ለብቻዋ እንደማትታይ፣ የሴቶቹ ሁሉ ተደምሮ ተካፍሎ ቢጫው እንደሆነ አስረዳኋቸው። ቢጫውን አዩት። ከዚያ ሰማያዊውን አዩት። ከዚያ እንደገና ቢጫውን። ሄደው ከፊት አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ደሳለኝ ጠጋ ብሎ፣ እኚህ ሴት መሬታቸው ውኃ የሚተኛበት ረባዳ እንደሆነ፣ ያንን ዘር ሁለት ዓመት እንደጠበቁት፣ ስማቸው መኖሩን በሳምንት ሁለት ጊዜ እየመጡ እንደሚጠይቁት ነገረኝ።

አዳራሹ ሞላ፤ ተናገርኩ። ሩብ ሰዓት ያህል፣ ያለማንበብ፣ ድምፄ እንኳ ሳይሰበር። "አማካይ" አልኩ፣ "ምርታማነት" አልኩ፣ በዘንግ እየጠቆምኩ ወዲያና ወዲህ ተንጎራደድኩ። ወንዶቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። አንዱ ከኋላ፣ በሬ ያለውና የሌለው እንዴት እኩል ይሆናል ብሎ ሰው አሳቀ። ጋሽ ኑርሁሴን በስልኬ ፎቶ አነሱኝ። ፎቶው አለኝ፤ እኔ ፈገግ ብያለሁ፣ ከፊት የተቀመጡት ሴቶች መሬት መሬት ያያሉ። ያን ጊዜ ይህን አላየሁም።

ጥያቄ ያለው ስል እትየ ጥሩወርቅ እጃቸውን አነሱ። ተነሥተውም ወደ ግራፉ መጡና ቢጫውን ዓምድ በስንዝራቸው ለኩት። አራት ስንዝር። ሰማያዊውን ለኩት፤ ስድስተኛው ላይ እጃቸው አልደርስ አላቸው።

"ይኸ ቢጫው ምሰሶ የኔ ቤት ሩዝ ነው ብለውኛል።"

"አዎ እትየ፣ የእርስዎና የመሰሎችዎ።"

"ፈንታ ቤት የገባው የኔ ሩዝስ የት አለ?"

አልገባኝም። ፈንታ ማን እንደሆነ ስጠይቅ ከሦስተኛው አግዳሚ አንድ ጎልማሳ ሰው ተነሡ፤ ኮፍያቸውን አውልቀው በሁለት እጃቸው ይዘዋል። የእትየ ጥሩወርቅ እኩል አራሽ ናቸው። መሬቱ የእትየ፣ በሬውና እርሻው የአያ ፈንታ፣ ምርቱ አውድማ ላይ ለሁለት። በዚህ አገር ሴት ሞፈር አትጨብጥም፤ ባሏ የሞተ ሴት መሬቷን ለእኩል መስጠቷ ወግ ነው። ይህን የማያውቅ የለም። እኔም አውቅ ነበር። ቅጹ ላይ ግን የለም።

"እውነቷን ነው" አሉ አያ ፈንታ። "ቅጹን የምትሞላዋ ልጅ ለጥያቄ ስትመጣ ቤትህ ስንት ገባ አለችኝ። የራሴንም የሷንም ማሳ ግማሽ ደምሬ ነገርሁ። ቤቴ የገባው ያ ነውና።"

እትየ ጥሩወርቅ በእግራቸው ጣት ተንጠራርተው መዳፋቸውን ሰማያዊው ዓምድ ላይ፣ ቢጫው ከሚያልቅበት በላይ አሳረፉት።

"እንግዲያ ይኸ ከላይ ያለው የኔ ነው" አሉ።

መጠቆሚያ ዘንጉን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ሴቶቹ ከመሬታቸው የወጣውን ግማሽ ብቻ ነገሩን፤ እኔ ያንን ግማሽ ለሙሉው መሬታቸው አካፈልኩት። ወንዶቹ ደግሞ የሴቶቹን ግማሽ ጨምረው ነገሩን፤ እኔ ያንን ሁሉ ለራሳቸው መሬት ብቻ አካፈልኩት። ከቢጫው ቀንሼ ሰማያዊው ላይ ቀጠልኩ፣ ከዚያ በአርባ ቅጂ አሳተምኩት፣ ከዚያ ሴቶቹ ዝቅተኛ ናቸው ብዬ እነሱው ፊት በዘንግ ጠቆምኩ። ማንም አልዋሸም። የተጠየቁትን መለሱ፤ ጥያቄዬ ነው ግማሽ የነበረው። ማልቀስ ቃጥቶኝ ነበር።

እትየ ጥሩወርቅ ፊቴን አዩት። እስከዚያ ድረስ እርስዎ ሲሉኝ የቆዩት ሴት እጄን ያዙኝ።

"ዋሸሁ እንዴ ልጄ? ቤትሽ ስንት ገባ ስትለኝ የገባውን ነው የነገርኋት።"

"አልዋሹም። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት።"

"አይዞሽ። ሰው ነውና ይሳሳታል። እዚሁ ነን፣ እንደገና ጠይቂን።"

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ

ጠየቅን። በዓሉ በጀን፤ ሁሉም እዚያው ናቸው። አግዳሚዎቹን ዛፍ ሥር አውጥተን፣ የሪፖርቱን ጀርባ ነጭ ገጽ መጻፊያ አድርገን፣ እኔ በአንድ በኩል ደሳለኝ በሌላ በኩል ተቀመጥን። አሁን ጥያቄው አውድማ ላይ ስንት ነበር፣ ከየትኛው መሬት ነበር የሚል ነው። አልረሱም። አውድማን ሰው ይረሳል ያልኩት እኔ ነኝ። አንዷ ስንት ጆንያ እንደነበር፣ የትኛው ጆንያ ተቀዶ ሩዝ እንዳፈሰሰ፣ አፍሶ የሰበሰበውን ሰው ስም ጭምር ነገረችኝ። ጋሽ ኑርሁሴን ተራ አስያዡ ሆኑ፤ የሙያ ስም ካስፈለገ ያን ቀን የመረጃ ኃላፊ ነበሩ።

አሥር ሰዓት ላይ በእርሳስ ደመርኩ። የይፋጎቹን ብቻ ነው፣ ሌሎቹ ሁለት ቀበሌዎች ይቀራሉ። ሁለቱ ዓምዶች ቁመታቸው እኩል መጣ። ሁለት ጊዜ ደምሬ፣ ለደሳለኝ ሰጥቼም አስደመርኩ።

እትየ ጥሩወርቅ ቤታቸው ወስደው የዘገየ ምሳ አበሉን። ቤቱ ሁለት ክፍል ነው፤ ከጓዳው የጭቃ ጎታ ይታያል፣ ያ ግማሹ የተኛበት። ከዘር እስከ አጨዳ እዚያው ማሳ ላይ ናቸው። ያርማሉ፣ ሩዙ ሲያፈራ ከንጋት እስከ ምሽት ወፍ ይጠብቃሉ። "ሞፈሩን ብቻ ነው ያልጨበጥሁት" አሉኝ።

አባቴ የሞተው የአምስት ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው። አሰላ አጠገብ የነበረችንን የገብስ መሬት እናቴ ለጋሽ ቱፋ በእኩል ሰጠቻት። በአጨዳ ጊዜ አውድማው ላይ ሁለት ክምር ይሠራል፤ እኔ የኛው ክምር ላይ ወጥቼ እቀመጥ ነበር። ሌላኛው በጋሽ ቱፋ አህያ ተጭኖ ሲሄድ እያየሁ ነው ያደግኩት። ተምሬ ሰው የሆንኩት በዚያ በቀረው ግማሽ ነው። እንግዲህ የእኩል እህል በልታ ያደገች ልጅ ቁጭ ብላ ቅጽ ስታዘጋጅ ይህን መጠየቅ ረሳች። ይህን ለእትየ ጥሩወርቅ ስነግራቸው አልተገረሙም። ሌላ እንጀራ አመጡልኝ።

ረቡዕ፣ ወደ ባሕር ዳር

ጠዋት ተነሳን። ወረታ ላይ ወይዘሮ ዘይነባ ዘንድ ቆሜ ሚዛኑ የት እንደነበር ነገርኳቸው። አልተመጻደቁብኝም፤ ቀኑ ረቡዕ ነው፣ ጾም ነሽ ብለው ትኩስ ሽሮ አሠሩልኝ።

ጉማራን ስንሻገር ለክፍል ኃላፊዬ ደውዬ የሆነውን ነገርኳቸው። ደግ ሰው ናቸው፣ ግን ነገ ስድሳ ሰው ተጠርቷል። ገለጻው እንዲቀር አልፈለጉም። "ግራፉን እንዳለ አቅርቢው፣ ጉድለቱን በግርጌ ማስታወሻ ጻፊው። ሳይንስ እንዲህ ነው የሚሠራው" አሉኝ። ስልኩን ስዘጋ አልዋሽም፣ ቀለል አለኝ። የግርጌ ማስታወሻ ማለት በትንሽ ፊደል፣ በገጹ ታች፣ ማንም የማያነበው ቦታ እውነቱን መናገር ነው። ስሜም ይተርፋል፣ እውነቱም ተጽፏል። እስከ ሐሙሲት ድረስ በዚህ ሐሳብ ተመቻችቼ ተጓዝኩ።

አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ከተማ ገባን። ጋሽ ኑርሁሴን ወደ ቤት መውሰዱን ትተው ሐይቁ ዳር አቆሙኝ። ንግግርሽን ለእኔ አሰሚኝ አሉ፤ ያን ሁሉ መንገድ ስታንጎራጉሪው ሰምቻለሁ፣ ዛሬ ከፍ አድርጊው። ጣና ጠፍጣፋ ሆኖ ተኝቷል፤ አንድ ታንኳ ደንገል ጭኖ ወደ ዳር ይመጣል፣ ነጫጭ ወፎች ተከታትለው ይወርዳሉ። እሳቸው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፤ እኔ ጀርባዬን ለውኃው ሰጥቼ ቆምኩ። "ከግራፉ መመልከት እንደሚቻለው" ብዬ ጀመርኩና ወደ መጨረሻው ስለ ግርጌ ማስታወሻው ስደርስ እጃቸውን አነሱ።

"ያችን ሴት የት ላይ ነው የጻፍሻት?"

"ግርጌ ላይ።"

"እሷ እኮ ከላይ ነው እጇን ያስቀመጠችው" አሉ፤ ተነሥተውም ሱሪያቸውን አራገፉ።

ሐሙስ፣ ሦስት ሰዓት

አዳራሹ ከሐይቁ የራቀ አይደለም፤ መስኮቱ ሲከፈት ነፋሱ ወረቀት ያነሳል። ባነሩን ሰቀልኩት፤ ያንኑ ባነር። ጎህ ሲቀድ ፋሲሎ ሰፈር ያለው ማተሚያ ቤት አዲስ ሊያትምልኝ ይችል ነበር፤ አልፈለግኩም። ሰማያዊው ዓምድ ላይ የእትየ ጥሩወርቅ መዳፍ ወዝ ቀርቷል፤ ከፊት ረድፍ ሆኖ ላስተዋለ ይታያል።

ድምፄ ተንቀጠቀጠ። "የማሳያችሁ ግራፍ ስሕተት ነው፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፤ እንዴት እንደተሳሳትኩ ልንገራችሁ" ብዬ ነው የጀመርኩት። የክፍል ኃላፊዬ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ማርከር አንሥቼ ያ መዳፍ በነበረበት ላይ መስመር አሰመርኩና፣ ከዚህ በላይ ያለው ምን ያህል እንደሆነ ገና ባላውቅም የሴቶቹ ሩዝ አለበት አልኩ። ንግግሩ ሩብ ሰዓት መሆኑ ቀርቶ ሰባት ደቂቃ ሆነ።

መጀመሪያ የጠየቁት የዘር ኮሚቴው ሰብሳቢ ናቸው።

"ታዲያ ዘሩን ለማን እንስጥ?"

"ሪፖርቱ ታርሞ እስኪመጣ አላውቅም። አንድ ወር ስጡኝ። የማውቀው ይህ ወረቀት አንዲትንም ሴት ከዝርዝር ለማውጣት ማስረጃ ሊሆን እንደማይችል ነው።"

ሰውየው ማስታወሻቸውን ገልጠው ጻፉ፤ የሚዘራው ገና በክረምት ነው፣ ወር መጠበቅ ይቻላል፣ ዝርዝሩም እስከዚያው እንዳለ ይቆይ አሉ። አንድ ሌላ ሰው ደግሞ የእነሱም ቅጽ "ቤት የገባ" እያለ እንደሚጠይቅ ቀስ ብሎ ተናገረ። ኃላፊዬ ሲወጡ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው፣ "ወሩን ግን አንድ ቀን አታሳልፊ" ብለውኝ ሄዱ።

ለደሳለኝ ደወልኩለት። እትየ ጥሩወርቅ አጠገቡ ነበሩ፤ ከጠዋት ጀምሮ ቢሮው ደጃፍ ተቀምጠው መዋላቸውን በኋላ ነገረኝ።

"ስሜ ተፋቀ?" አሉ።

"አልተፋቀም እትየ። እንዳለ ነው።"

"እግዜር ይስጥሽ" አሉ። "ያን ምሰሶ ስታስተካክዪው ታዲያ አትቸኩዪ። ነገሩን ከሥሩ፣ ውኃውን ከጥሩ ነው።"

ሐሙስ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ቤት

ዓባይ ማዶ ስደርስ ባጃጆቹ እንደተውኳቸው ናቸው። ሠላሳ ስድስቱ ሪፖርት ከእኔ ጋር ተመለሰ፤ አራቱ ይፋግ ቀርቷል፣ ጀርባው በእርሳስ ተሞልቶ። ተስፋዬ ባነሩን ተቀብሎኝ ገለጠና መስመሩን አየ። ምክንያቱን አገኘሽው አለኝ። አገኘሁት አልኩት።

ከዚህ ጉዞ የተማርኩትን ለተማሪዎቼ ልነግራቸው አስቤያለሁ፤ ግራፍ ለባለቤቱ ሳይታይ አይጠናቀቅም። ፎቶ ለመነሳት የሄድኩበት መንገድ ነው ይህን ያስተማረኝ፣ ስለዚህ ብዙ መመጻደቅ አይገባኝም። ይህን ሁሉ እያሰብኩ ጫማዬን ሳላወልቅ አሰላ ለእናቴ ደወልኩ። ደኅንነቷን ጠይቄ፣ ደኅንነቴን ተጠይቄ፣ የአየሩንም ነገር ስንጨርስ፣

"እማዬ፣ ያኔ መሬታችን በዓመት ስንት ኩንታል ገብስ ነበር የሚሰጠው?" አልኳት።

"ስድስት" አለች ወዲያው። "በደህናው ዓመት ስድስት።"

"የጋሽ ቱፋን ጨምሮስ?"

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን ከጆሮዬ አንሥቼ አየሁት።

"አሥራ ሁለት ነዋ" አለች በመጨረሻ።

"ታዲያ ሁልጊዜ ስድስት ትዪ የነበረው ለምንድን ነው?"

"ሙሉውን ማን ጠይቆኝ ያውቃል ልጄ?"

ወንበር ሳብኩና ተቀመጥኩ። እኔ ልጠይቅሽ አልኳት። አባቴ ከሞተበት ዓመት ጀምራ፣ በረዶ የመታውን፣ ዝናብ የጠፋበትን፣ ደህና የሆነውን እየለየች ትነግረኝ ጀመር፤ እኔም እየጻፍኩ አዳመጥኳት።